ከምስሉ በፊት ጽሑፉን አንብቡ

ውድ ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ አማርኛ ለሚችል ሰው የወጣ የ«ኮንቴንት ሞደሬተር» (ሰው የለጠፈውን እያየ ይቆይ ወይስ ይጥፋ ብሎ የሚወስን ሠራተኛ) ማስታወቂያ አይታችሁ፣ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር አባል ያለው የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ግሩፕ አድሚን ናችሁ፤ ደመወዝ አይከፈላችሁም እንጂ ሥራው ያው ነው። እኔ ሃያ ዓመት የጋዜጣ አራሚ ሆኜ ኖሬ፣ ጋዜጣው ሲዘጋ ከአገር ወጥቼ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፍ የአማርኛ ይዘት በሚጣራበት ቢሮ ተቀጠርኩ። ሰባት ዓመት ሠራሁ። አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጥኩት «የአዋቂዎች ይዘት» በሚባለው ወረፋ ላይ ነው። እርቃን ይመጣል፣ ወሲብ ይመጣል፣ በሁለቱ ስም የሚሠራ ግፍም ይመጣል። የምስጢር ውል ስላለብኝ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ፤ ነገሩ ግን የሆነ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ አንድ የ11 ሰከንድ ቪዲዮ መጣልኝ። አንዲት ወጣት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታስራለች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደር ተሰቅሏል፣ ወለሉ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተገልብጦ ይታያል። ልብሷን ለብሳለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ስልኩን የያዘውን ሰው አይታ ትስቃለች፤ በቃ። የመመሪያውን ዝርዝር በልቤ አስኬድኩ። ጡት የለም፣ ብልት የለም፣ ወሲባዊ ድርጊት የለም። «ይቆይ» የሚለውን ተጫንኩና ወደ ሚቀጥለው አለፍኩ። ከላዩ የተጻፈውን አላነበብኩትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ሁለት መስመር አላነበብኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ውሳኔዬን መልሳ አመጣችልኝ። ከቪዲዮው በላይ የልጅቷ ስምና ሰፈሯ ተጽፏል፣ ቀጥሎ «ሙሉውን ቴሌግራም ላይ ታገኙታላችሁ» ይላል፣ መጨረሻ ላይ የራሷ ስልክ ቁጥር አለ። ከሥሩ ሳቅ፣ ስድብ፣ «ሊንኩን ላኩልኝ» የሚል ልመና ተደርድሯል። በመሐሉ አንዲት ሴት እንዲህ ብላለች፦ «እህቴ ናት። ስለ እግዚአብሔር አጥፉት።» ቪዲዮው በተለጠፈ በ40 ደቂቃ ውስጥ የተጻፈ ነው። እኔ ስከፍተው እዚያው ነበረ። «ይቆይ» ስላልኩ አሥራ አራት ቀን ቆየ።

መመሪያው የሚጠይቀው የትኛው የሰውነት ክፍል እንደታየ ነው። እኔም የተጠየቅኩትን መለስኩ። በደሉ ግን ሰውነቷ ላይ አልነበረም፤ ከላይና ከታች በአማርኛ ተጽፎ ነበር። ፈቃድ ምስል ውስጥ አይታይም፤ ሳቋም ፈቃድ አይደለም፣ የሳቀችው ስልኩን ለያዘው ሰው እንጂ ለእኛ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ሥራ የአማርኛ ተናጋሪ የሚፈለገው ገላ ለማየት አይደለም፤ ገላማ ማሽንም ያያል።

እንዲያውም ማሽን ማየት ላይ ጎበዝ ነው፣ ማንበብ ላይ ነው የሚወድቀው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 አንዲት ብራዚላዊት የጡት ካንሰር ምልክቶችን የሚያሳዩ ፎቶዎች ኢንስታግራም ላይ ለጠፈች፣ ሴቶች ራሳቸውን እንዲመረምሩ ብላ። ምስሉ ላይ «የጡት ካንሰር» ተብሎ በፖርቱጋልኛ ተጽፏል። ማሽኑ ጡት አየና አወረደው። ጉዳዩ የኢንስታግራምና የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ (ያኔ ፌስቡክ ይባል ነበር) ተቆጣጣሪ ቦርድ ዘንድ ደርሶ፣ በጃንዋሪ 2021 ቦርዱ ማውረዱ ስህተት ነበር ብሎ ወሰነ፤ ማሽኑ ጽሑፉን አለማወቁንም አንስቷል። ፖርቱጋልኛ በመቶ ሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ ነው። አማርኛችን ላይ ምን እንደሚሆን ከዚህ ገምቱ። ሕፃን ጡት እንዴት እንደሚይዝ የምታስተምር አዋላጅ ቪዲዮ ወርዶ፣ ማሽኑ እንዳያነበው ነጥብና ኮከብ በየፊደሉ መሐል እየሰካ የሰው ልጅ ገላ የሚሸጥ ቻናል ወር ሙሉ ሲቆይ አይቻለሁ።

ሁሉንም ጠራርጎ ማጥፋትም ተሞክሯል። ተምብለር የሚባለው የብሎግ መድረክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የሕፃናት ወሲባዊ ምስል ተገኝቶበት ከአፕል አፕ ስቶር ተነሣ፤ በዲሴምበር 17 የአዋቂዎችን ይዘት ከለከለ፣ ማጣራቱንም በአብዛኛው ለማሽን ሰጠ። ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ ካርቱኖች፣ የሥነ ጥበብ ሥራዎች ሁሉ «ጸያፍ» ተብለው ታገዱ። ሌላው መንገድ ከሁለት ዓመት በኋላ የወሲብ ቪዲዮ ድረ ገጽ በሆነው በፖርንሃብ ታየ። ቪዛና ማስተርካርድ በዲሴምበር 2020 ክፍያ ማስተናገድ ሲያቆሙበት፣ ማንነታቸው ባልተረጋገጠ ሰዎች የተጫኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን በአንድ ጊዜ አነሣ። እርቃን እዚያ ድሮም የተፈቀደ ነው። ያስጨነቀው ቪዲዮውን ማን እንደጫነው፣ የታየችውስ ሴት ፈቅዳ እንደሆነ የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር። ኤክስም፣ የድሮው ትዊተር፣ በ2024 የአዋቂዎችን ይዘት በመመሪያው ላይ በግልጽ ሲፈቅድ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ በፈቃድ የተሠራና በፈቃድ የተሰራጨ መሆኑን ነው። የሚከለክሉትም የሚፈቅዱትም ዞረው የሚቆሙት እዚያው ነው፤ እናንተም ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ከዚህ ጥያቄ አታመልጡም።

እኛ ያደግነው «ነውር ነው» እየተባልን ነው። መልካም ቃል ነው፣ ብዙ ቤት አቁሟል። እዚህ ወንበር ላይ ግን ያሳስታል። ነውር የሚያየው የተገለጠችውን ነው፤ የገለጣት ሰው ከካሜራው ጀርባ ስላለ አይታየውም። ከአጠገቤ ይሠሩ የነበሩ ደጋግ ልጆች፣ ጾም የማይሽሩ፣ ሶላት የማያልፋቸው፣ ቪዲዮዋ የተለቀቀባት ልጅ ስትመጣ «እሷስ ቀድሞ ለምን ተቀረጸች?» ሲሉ እሰማ ነበር። ያጠፉታል፣ ማጥፋቱንስ ያጠፉታል። ነገር ግን የሚያጠፉት ስለቀፈፋቸው እንጂ ስለተበደለች ስላልሆነ፣ «እርቃን» ብለው ይመዘግቡትና ያልፋሉ።

ይህ የምዝገባ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሥራው ዋና ቦታ ይህ ነው። እኔ በሠራሁበት ቢሮ አንድን ቪዲዮ «እርቃን» ብላችሁ ካወረዳችሁት የሚወርደው ፖስቱ ብቻ ነበር፤ የለጠፈው ሰው ማስጠንቀቂያ ይደርሰውና በማግስቱ ሌላ ይለጥፋል። «ያለፈቃድ የተሰራጨ የግል ምስል» ብላችሁ ካወረዳችሁት ግን አካውንቱ ይመታል፣ የምስሉ ዲጂታል አሻራም ይመዘገባል። አሻራ የምለው ከምስሉ የሚወጣ የቁጥር ሰንሰለት ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ ምስል በሌላ ስም ሲጭነው ማሽኑ አሻራውን አመሳክሮ ይይዘዋል። አንዷ ልጅ በየሳምንቱ ከአዲስ አካውንት ጋር ስትታገል ትኑር ወይስ አንዴ ትረፍ የሚለውን የሚወስነው እናንተ ከዝርዝሩ የምትመርጡት ቃል ነው። ውጤት የሚለካው በፍጥነት ስለሆነ አለቃችሁ ልዩነቱን ላያይላችሁ ይችላል። እናንተ እዩት።

ሌላም ልጨምር፤ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ነው። ከኦሞ ሸለቆ የሚመጡ ፎቶዎች ነበሩ። ጡታቸው ያልተሸፈነ ልጃገረዶች፣ ቱሪስት ያነሣቸው፣ «ውብ ባህል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው። ስለ ባህል ነው፣ ይቆይ፣ እንል ነበር። አንድ ቀን ከዚያው አካባቢ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይታ «ይህቺ ልጅ ኢንስታግራም ላይ እንደምትወጣ ማን ነገራት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለልጅቷ እርቃኗን መሆኗ ነውር አልነበረም፣ የአገሯ አለባበስ ነው። ፈቃዷ ግን አልተጠየቀም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ ልጅቷ ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗን አያለሁ፣ ካጠራጠረኝ ወደ በላይ እልካለሁ፤ ከሥሩ ያለውን አስተያየትም እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ባህል የተባለው ፎቶ ሥር ስንት የብልግና ጽሑፍ እንደሚዝረከረክ ብታዩ ታዝናላችሁ።

ስለ ሕፃናት ግን ክርክር የለም። ፈቃድ የሚባል ጥያቄም የለም። አትመርምሩ፣ ደግማችሁ አትዩ፣ ወዲያው ወደሚመለከተው ክፍል ላኩ። እናንተ አድሚኖች ደግሞ ይህን በተለይ ስሙኝ፦ «እዩልኝ ይህን አረመኔ» ብላችሁ ለማጋለጥ እንኳ አታስተላልፉ፣ ስልካችሁ ላይ አታስቀምጡ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትንም ወንጀል ያደርገዋል። ልጁን ደግሞ እያንዳንዱ ማስተላለፍ እንደገና ይጎዳዋል። ሪፖርት አድርጉ፣ አካውንቱን መዝግባችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ምስሉን ከግሩፑ አውጡ።

ግሩፕ የምትመሩ ልጆች አንድ ቀን አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር «ፎቶዬን ሊለቅብኝ ያስፈራራኛል» ብላ መጻፏ አይቀርም። ምናልባት ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ናት፣ ምናልባት የሠፈራችሁ ልጅ ናት። ለምን ላክሽ ብላችሁ አትጀምሩ። ገንዘብ እንዳትልክ ንገሯት፤ የላኩ ሰዎች መልሰው ሲጠየቁ ነው ያየሁት። የማስፈራሪያውን መልእክት እንዳታጠፋ፣ ስክሪንሾት አድርጋ እንድትይዝ ንገሯት። ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII) የሚባል እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ ነጻ አገልግሎት አለ፤ ፎቶዋ ከስልኳ ሳይወጣ አሻራው ብቻ ተወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎችም ዘንድ ይመዘገባል። ገና ሳይለቀቅ መከላከል ይቻላል ማለት ነው። ፎቶው የተነሣው ከ18 ዓመት በታች ሆና ከሆነ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ቴይክ ኢት ዳውን (Take It Down) የሚባለው አገልግሎት ነው። ቅጹን እንግሊዝኛ የማታነብ ከሆነ አብራችኋት ተቀምጣችሁ ሙሉላት።

አሁን ስለ ራሳችሁ። ልግባበት ወይ ላላችሁኝ፣ ገንዘቡን ብቻ አይታችሁ አትግቡ እላለሁ። አማርኛም ይታይበት በነበረው የናይሮቢ ማዕከል ለፌስቡክ ይዘት ሲያጣሩ ከነበሩት መካከል ከ140 በላይ የሚሆኑት ከባድ የሥነ ልቦና ቁስለት እንዳለባቸው የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2024 ለኬንያ ፍርድ ቤት ቀርቧል። አሜሪካ ውስጥ ፌስቡክ እንዲህ ላሉ ሠራተኞች በ2020 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያው በአማርኛ ያናግራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሕልማችሁን በእንግሊዝኛ ለመናገር መሞከር ከባድ ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

እኔን የረዳኝ ይህ ነው። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይራለሁ፣ አሳንሰዋለሁ፣ ድምፁን መጀመሪያ አጠፋለሁ። ድምፅ ከምስል ይልቅ ይከተላል፤ ምስሉን ረስቼ ድምፁ ታክሲ ውስጥ የመጣብኝ ጊዜ አለ። ቤተሰብም አለ። እናቴ «ምንድን ነው የምትሠራው?» ስትለኝ «ኮምፒውተር» እላት ነበር፣ ነውር ስለመሰለኝ። አምስት ዓመት ዋሸኋት። በመጨረሻ ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ «ታዲያ ልጆቹ ይተርፋሉ?» አለችኝ። አንዳንዶቹ፣ አልኳት። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝና ከዚያ በኋላ ማታ ስደውልላት የምትጠይቀኝ «ዛሬስ ስንት ተረፉ?» ብላ ሆነ። ለአንድ ሰው ንገሩ ልጆቼ። የምስጢር ውሉ ያየኸውን ቪዲዮ አትናገር ይላል እንጂ ደክሞኛል አትበል አይልም።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ ገቢዎችን አሠለጥን ነበር። ያቺን የ11 ሰከንድ ቪዲዮ አሳይቻቸው አላውቅም፤ ከእንግዲህ ማንም እንዲያያት አልፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ እጽፋለሁ፦ «እህቴ ናት። ስለ እግዚአብሔር አጥፉት።» ከጎኑ ሰዓቱን፣ 40 ደቂቃ። ከዚያ ይጥፋ ወይስ ይቆይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዴ ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቪዲዮውን ሳናይ እንዴት እንወስናለን?» አለች። ከኋላ የነበረው ልጅ ቀደመኝ፦ «ቪዲዮውን እኮ እህቷ አይታልሻለች» አላት።