ነርስነት ወይስ የጤና ፖሊሲ? ለአንዲት የኩላሊት እጥበት ቴክኒሺያን የተሰጠ መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ የኩላሊት እጥበት ማዕከል አራት ዓመት በቴክኒሺያንነት ሠርተሻል። ጎንደር የተማርሽው የላቦራቶሪ ዲግሪ እዚህ አገር አልተቆጠረልሽም። ለመጪው መስከረም የነርስነት ትምህርት ቦታ አግኝተሻል፤ ጓደኛሽ ግን «የጤና ፖሊሲ ማስተርስ ያዢ፣ ደመወዙም ክብሩም እዚያ ነው» ብላ ልብሽን ከፍላዋለች። አንቺም ፍርሃትሽን እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፦ «ፖሊሲ ብማር ወረቀት ሳገላብጥ ከታካሚ እርቃለሁ፤ ነርስ ብሆን ደግሞ ሌሎች የወሰኑትን ስፈጽም ዕድሜዬ ያልቃል።»

እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው ነገር ነው። ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት ቤታቸው ሆነው መታጠብ እንደሚፈልጉ ከተናገሩ ወራት አልፈዋል። የሚያሠለጥናቸው ነርስ ስላልተገኘ ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥተው ይመጣሉ። «መሣሪያው ካለ ለምን ለእሳቸው አይደርስም?» ብለሽ ጠየቅሽ። የሙያሽን መንገድ የሚያሳየው ይህ ጥያቄ ስለሆነ መልሴንም ከዚሁ እጀምራለሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ በመስከረም ነርስነቱን ጀምሪ። ፖሊሲውንም አትተዪው፤ ትምህርት ቤት ሳትገቢ ከዛሬ ጀምረሽ ልታጠኚው ትችያለሽ። ምክንያቴን ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን የምትሠሪው ሥራ ራሱ የክፍያ ሕግ የወለደው ነው። በ1960 ሲያትል ውስጥ ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር ከቴፍሎን የተሠራች ቀጭን ቱቦ በታካሚው ክንድ ላይ እንድትቆይ አደረገ። ከዚያ በፊት የእጥበት ማሽን ቢኖርም ታካሚው በተያያዘ ቁጥር የደም ሥሩ ይበላሽ ስለነበር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚያገለግለው። በቱቦዋ ምክንያት የመጀመሪያው ታካሚ ክላይድ ሺልድስ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። አንቺ በየጠዋቱ በጣትሽ ዳስሰሽ ንዝረቱን የምትሰሚው ፊስቱላ (በክንድ ውስጥ በቀዶ ጥገና የሚገናኙ ሁለት የደም ሥሮች) ቱቦዋን ተክቶ የመጣ ነው።

መዳኛው ተገኘ፤ የሚከፍል ግን አልነበረም። በ1962 በሲያትል የተከፈተው ማዕከል ማሽኖቹ ጥቂት ስለነበሩ ማን እንደሚታጠብ የሚመርጥ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የሚመለከተው የጤናን ሁኔታ ብቻ አልነበረም፤ ትዳርን፣ የልጆችን ብዛት፣ ገቢን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምን ሳይቀር ይመዝን ነበር። ያልተመረጠው ወደ ቤቱ ሄዶ ይሞታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ማንም ሊሸከመው የማይገባ ሸክም ተጭኖባቸው ነበር።

በኅዳር 1971 ሼፕ ግሌዘር የተባለ ታካሚ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ማሽን ተገጥሞለት ሲታጠብ አሳየ። በጥቅምት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ሕግ፣ ከሐምሌ 1973 ጀምሮ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ የማኅበራዊ ዋስትናውን መስፈርት እስካሟላ ድረስ፣ ሜዲኬር (በዋነኛነት ለአረጋውያን የቆመው የመንግሥት የጤና መድን) ወጪውን መክፈል ጀመረ። ያኔ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎች ነበሩ፤ ዛሬ በእጥበት የሚኖሩት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በመካከሉ ማሽኑ ቢሻሻልም፣ ያን ሁሉ ሰው ወንበር ላይ ያስቀመጠው ግን ያ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ታክሲ ነጂው አባት ልመለስ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አገር ከሚታጠቡት ሰዎች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት የሚታጠቡት ቤታቸው ነበር። ቤት መታጠብ ወጪው ያንስ ስለነበር የሲያትሉ ማዕከል ሰዎች ታካሚውንና የትዳር ጓደኛውን አሠልጥነው ወደ ቤት ይሸኟቸው ነበር። መንግሥት መክፈል ሲጀምር ማዕከሎች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ወንበር የሞላለት ማዕከል ያተርፋል፤ ታካሚ አሠልጥኖ ወደ ቤት ለመላክ ግን ለሥልጠናው የሚወጣው ጊዜና ነርስ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሕጉ አዛውንቶችንና ሌላ ሕመም ያለባቸውንም ስላስገባ ሁሉም ቤቱ መታጠብ አይችልም ነበር፤ ይህን አለመናገር ለማዕከሎቹ ፍትሕ መንሳት ይሆናል። ቢሆንም የቤት እጥበት ከጊዜ በኋላ ከአሥር በመቶ በታች ወረደ። ማንም «ሰው ቤቱ አይታጠብ» ብሎ አልደነገገም፤ የሒሳቡ ዝንባሌ ብቻ በቂ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልጨምር። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የእጥበት ማዕከል የሒሳብ መጠየቂያ ክፍል እሠራ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ በየቀኑ የሚመጡት ቅጾች ላይ ለደም ማነስ የሚሰጠው ኤሪትሮፖየቲን የሚመዘገብበት አንድ ሣጥን ነበር፦ «ስንት ዩኒት?» ቁጥሩ ከፍ ሲል ክፍያውም ከፍ ይል ነበር። ያኔ ታሪኩን አላውቅም ነበር። ለካ መድኃኒቱ በ1989 ሲፈቀድ ሜዲኬር ከአሥር ሺህ ዩኒት በታች ለሆነ መጠን ሁሉ እኩል 40 ዶላር ይከፍል ነበርና ማዕከሎች አነስ አነስ አድርገው ነበር የሚሰጡት። በ1991 ክፍያው ለየአንድ ሺህ ዩኒት 11 ዶላር ሲሆን ደግሞ መጠኑ ከዓመት ዓመት ጨመረ። በ2006 የወጣ ጥናት መድኃኒቱ የሚጨምረውን ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚውን የደም ክፍል) ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ ለልብ አደጋ እንደሚዳርግ አሳየ፤ በ2007 በመድኃኒቱ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ከጥር 2011 ጀምሮ መድኃኒቱ በአንድ የእጥበት ጥቅል ክፍያ (ለእያንዳንዱ እጥበት ከነመድኃኒቱ በሚከፈል አንድ ቁርጥ ዋጋ) ውስጥ ተካተተ፤ ለማዕከሎቹም ትርፍ መሆኑ ቀርቶ ወጪ ሆነ። አጠቃቀሙ በፍጥነት ወረደ።

እኔ ያን ሣጥን በምሞላበት ጊዜ አንዲት እናት በመስታወቱ በኩል ትታየኝ ነበር፤ ሹራብ እየሠራች ትታጠባለች። የምጽፈው ቁጥር በእሷ ደም ውስጥ የሚገባ ነገር መሆኑን አስቤው አላውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ወረቀት አገላባጭ» ያልሽው ሰው ሥራ ይህን ያህል ወደ ታካሚው ሰውነት ይቀርባል። ወረቀቱ ዘንድ ታካሚውን የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት የምልሽም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝን ምሳሌ ልንገርሽና ወደ ምክሩ እገባለሁ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ እንዳይገፋው በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ አለበት። ሕጉ ግን ለአካለ ስንኩላን ወይም ለአረጋውያን በተሰጠው መብት ሳይሆን በኩላሊቱ ብቻ ሜዲኬር ላገኘ ሰው ከንቅለ ተከላው 36 ወራት በኋላ ክፍያውን ያቋርጥ ነበር። መድኃኒቱን መግዛት ያቃተው ሰው ኩላሊቱን ያጣል፤ ሲያጣ ያው ሜዲኬር ተመልሶ ከመድኃኒቱ እጅግ የሚበልጠውን የእጥበት ወጪ ይከፍላል። እህት ወይም ወንድም የሰጠው ኩላሊት በዚህ መንገድ ይባክን ነበር። ታካሚዎች፣ ነርሶችና ሐኪሞች ለዓመታት ከጮኹ በኋላ በታኅሣሥ 2020 ሕጉ ተሻሻለ፤ ከጥር 2023 ጀምሮ ሌላ መድን የሌለው ሰው የመድኃኒቱን ሽፋን ማግኘት ቻለ።

ስለ አዳዲስ መሣሪያዎችም ጠይቀሻል። በጥቅል ክፍያ ውስጥ አዲስና ውድ ማሽን የሚገዛ ማዕከል ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ከፋይ ያልተገኘለት ፈጠራ ለታካሚው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ይህን ለማቃለል ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ ለአዲስ መሣሪያ ለሁለት ዓመት የሚሰጥ ተጨማሪ ክፍያ ደነገገ፤ ለ2022 ታብሎ የተባለው የቤት እጥበት ማሽን መጀመሪያ ተጠቃሚ ሆነ። በ2019 ደግሞ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ፣ በ2025 አዲስ ታካሚ ከሚሆኑት 80 በመቶው ቤታቸው እንዲታጠቡ ወይም ንቅለ ተከላ እንዲያገኙ ግብ ተቀምጦ ነበር። የቤት እጥበት ጨምሯል፤ ግቡ ላይ ግን አልተደረሰም። አንዱ ምክንያት የታክሲ ነጂው አባት የገጠማቸው ነው፦ የሚያሠለጥን ነርስ እጥረት።

እዚህ ጋ ነው አንቺ የምትገቢው። የቤት እጥበት ሥልጠናን እንዲሰጥ የፌደራል ደንብ የሚፈቅደው ለተመዘገበ ነርስ ነው፤ ቴክኒሺያን ሆነሽ የቱንም ያህል ብታውቂ በራስሽ ልትሰጪው አትችዪም። ስለዚህ የነርስነት ፈቃዱ አሁን የተዘጋብሽን በር ይከፍታል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ የሚናገሩ ታካሚዎች አሉ፤ ፈሳሹን እንዴት እንደሚያገናኙ፣ ማሽኑ ሲጮህ ምን እንደሚያደርጉ በገዛ ቋንቋቸው የሚያሳያቸው ሰው ሲያገኙ ምን ያህል እንደሚለያቸው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ትምህርቱን ከጨረስሽ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት በዚህ ሥራ ቆዪ። በሰው ማዕድ ቤት ቆመሽ ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ሲጠፋ፣ የመብራትና የውኃ ወጪ ሲጨምር፣ ሚስት ስትደክም ታያለሽ። ደንብ የሚጽፉት ሰዎች የሚጎድላቸው ይህ ዕውቀት ነው።

ማስተርሱን ከዚያ በኋላ፣ በትርፍ ሰዓት ያዢው። ብዙ ትልልቅ የእጥበት ድርጅቶችና ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ወጪ ይደግፋሉና ከመመዝገብሽ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። አሁን ተበድረሽ አትግቢ፤ የሥራ ልምድ ሳይኖርሽ በዚያ ዲግሪ ብቻ የምታገኚው ሥራ ዕዳውን ለመክፈል ያስቸግርሻል ብዬ እፈራለሁ። ስትገቢ የጤና ኢኮኖሚክስንና ስታቲስቲክስን አትሽሺ፤ ሌላው ሁሉ በንባብ ይደረስበታል።

የምትኖሪበት ቦታም ትልቅ ዕድል ነው። ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤቱ በባልቲሞር አጠገብ ዉድሎውን ነው። መድኃኒትና መሣሪያ የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኋይት ኦክ ነው። ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋሙ ቤተስዳ ነው። አብዛኛው የፌደራል ሥራ ዜግነት ይጠይቃልና የዜግነት ጉዳይሽን ካልጨረስሽ ቀድመሽ አስቢበት። ከመንግሥት ውጭም የንቅለ ተከላ አስተባባሪነት፣ የጥራት ቁጥጥር፣ በመሣሪያ አምራቾች ዘንድ አዲሱ ምርት በመድን እንዲሸፈን የሚሠራው ክፍል አለ፤ ለሁሉም የነርስነት ልምድ ይጠቅምሻል።

ዛሬ የምትጀምሪው ግን ይህ ነው። ሜዲኬር በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ የቀጣዩን ዓመት የእጥበት ክፍያ ረቂቅ ደንብ ያወጣል፤ ለ60 ቀናት ያህል የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፤ የመጨረሻውን በመኸር ያሳውቃል። አስተያየት ለመስጠት ዲግሪ አይጠየቅም። ቀጣዩ ረቂቅ ሲወጣ ስለ ቤት ሥልጠና የተጻፈውን ክፍል ብቻ አንብቢ፤ ብዙው አይገባሽም፤ በሁለተኛው ዓመት ይገባሻል። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፊ። ስሜትሽን ሳይሆን ያየሽውን ጻፊ፦ ታካሚው ከጠየቀ እስኪሠለጥን በመካከሉ ምን ይሆናል፣ የትኛው ደረጃ ላይ ይቆማል፣ ምን ቢለወጥ ይፈታል። የታካሚ ስም ወይም ሊያስለየው የሚችል ነገር ፈጽሞ አታስገቢ።

አንድ ቀን በሙያሽ አገር ቤት ለማገልገል እንደምትመኚም ጽፈሻል። እዚያ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተደርጓል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ለዘለቄታው እጥበት የሚያስፈልገው ሰው አሁንም በአብዛኛው ከኪሱና ከዘመድ መዋጮ ነው የሚከፍለው። እዚያ የምትሄጂ ከሆነ ማሽን ከመውሰድሽ በፊት የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን በጊዜ የሚይዝ ክትትል ማን እንደሚከፍልለት መጠየቅ ትፈልጊያለሽ።

በመጨረሻ ስለ ታክሲ ነጂው አባት። ደንቡ ማንኛውም ማዕከል የቤት እጥበትን ጨምሮ ስላሉት አማራጮች ሁሉ ለታካሚው እንዲነግር፣ ራሱ የማይሰጠውንም የት እንደሚገኝ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ማዕከላችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል፤ ጥያቄያቸውን ለእሷ በጽሑፍ እንዲያቀርቡና ቀኑን እንዲመዘግቡ ንገሪያቸው። መልስ ከዘገየ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያን፣ ዌስት ቨርጂኒያንና ዲሲን በኩላሊት እጥበት ጉዳይ የሚከታተለው ኔትወርክ 5 የተባለው ድርጅት የታካሚ አቤቱታ ይቀበላል፤ ስልኩ ግድግዳችሁ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ሲመጡ፣ መርፌውን ከማስገባትሽ በፊት፣ አሳዪያቸው።