ስለ ጆን ዳንፎርዝ ጠይቁኝ፦ ጠበቃው፣ ቄሱ፣ ሴናተሩ፣ የሱዳኑ መልዕክተኛ

ባለፈው ኬንያ ናይቫሻ ላይ ስለተካሄደው የሱዳን ሰሜንና ደቡብ የሰላም ድርድር ሳወራ «ይሄ ዳንፎርዝ የምትለው አሜሪካዊ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በዛብኝ። እሺ፣ ዛሬ ጠይቁኝ። ሦስት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ። ሁለተኛ፣ ሰውዬው ሱዳን ላይ የሠራው በሁለት የተለያየ ሹመት ነው፤ አታደባልቁ። ሦስተኛ፣ «ሱዳንን የከፈለው እሱ ነው» ለማለት የመጣ ካለ መጀመሪያ ሁሉንም ያንብብ።

ቀበና፦ ጋሼ፣ እስቲ ስለ ሰውዬው ንገረን።

መልስ፦ ምኑን? እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመመለስ አይመችም። ለመነሻ ያህል ይኸውልህ። በ1936 ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ተወለደ። አያቱ ራልስተን ፑሪና የሚባለውን የእንስሳት መኖ ኩባንያ የመሠረተ ነው፤ ስለዚህ ከድህነት የወጣ ልጅ ታሪክ አትጠብቅ። ፕሪንስተን ተማረ። በ1963 ከዬል ሁለት ዲግሪ ያዘ፤ አንዱ በሕግ፣ አንዱ በነገረ መለኮት። በኒውዮርክና በሴንት ሉዊስ ጥብቅና ሠራ። በ1968 የሚዙሪ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። በ1970 ለሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ፣ በ1976 አሸነፈ፣ እስከ 1995 መጀመሪያ ቆየ። ሱዳንና የተባበሩት መንግሥታት ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ሪፐብሊካን ነው። በቃ፣ ቀጥሎ የተለየ ጥያቄ።

የሕግ ተማሪ፦ የ1976ቱን ምርጫ በዕድል ነው ያሸነፈው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። የዴሞክራቶችን የማጣሪያ ምርጫ ያሸነፈው ጄሪ ሊተን የሚባል ብርቱ ተፎካካሪ ነበር። ባሸነፈባት ሌሊት ወደ ደስታው ድግስ ሲበር አውሮፕላኑ ተከሰከሰና ከነቤተሰቡ ሞተ። ፓርቲው በምትኩ የቀድሞውን ገዥ ዋረን ሃርንስን አቆመ፤ ዳንፎርዝ እሱን አሸነፈ። ሊተን በሕይወት ቢኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ሚዙሪ ላይ ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ አልገባበትም።

ዱባይ ነኝ፦ ቄስ ሆኖ ሴናተር መሆን ይቻላል እንዴ? ሕጋቸው አይከለክልም?

መልስ፦ አይከለክልም። የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው። በጁን 2004 የፕሬዚዳንት ሬገንን የቀብር ጸሎት በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል የመራው እሱ ነው።

ሰንበቴ፦ ቄስ ከፖለቲካ ምን አለው? መስቀሉን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አይቀመጥም?

ሚኒሶታ፦ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ የቆጵሮስ ፕሬዚዳንት አልነበሩም እንዴ? አዲስ ነገር አታድርጊው።

ሰንበቴ፦ እሳቸው ለሀገራቸው ነጻነት ነው። ይሄ ለምን?

ሚኒሶታ፦ ለሚዙሪ ነዋ!

መልስ፦ እናንተ ሁለታችሁ፣ ክርክሩን ሌላ ቦታ። ሰንበቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በዚህ ጉዳይ ሰውዬው ራሱ ካንቺ ብዙ አይርቅም። በ2005 የገዛ ፓርቲው የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የፖለቲካ ክንፍ ሆኗል ብሎ በጋዜጣ በግልጽ ጽፎ ወቅሷል። ቄስ ስለሆነ ሃይማኖትን ሕግ ላድርግ የሚል ሰው አይደለም።

ሚኒሶታ፦ እሺ ጋሼ፣ ወደ ዋናው እንግባ። ሱዳን ላይ ምን ሠራ?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ መጣ።

ቡሽ የሱዳን የሰላም ልዩ መልዕክተኛ ብሎ የሾመው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2001 ነው። በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 1993። በአምስተኛው ቀን እንቁጣጣሽ ዋለ፤ ኒውዮርክና ዋሽንግተን የተመቱትም ያን ዕለት ነው። ይህን ሳታስቡ የዳንፎርዝን ሥራ አትረዱትም። ካርቱም ቢን ላደንን እስከ 1996 ያስጠለለች ከተማ ናት። በ1998 አሜሪካ አል ሺፋ የሚባለውን የመድኃኒት ፋብሪካዋን በሚሳይል መትታለች። እና ከመስከረሙ ጥቃት በኋላ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት የበሽር ሰዎች ፈርተው ነበር። ለአሜሪካ መልዕክተኛ «አይሆንም» ማለት ከበዳቸው። ዳንፎርዝ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የገባው።

ሌላው መልዕክተኛ ቢሆን ሻንጣ ሙሉ የሰላም ዕቅድ ይዞ ይመጣ ነበር። እሱ አላደረገውም። ወረቀት ሞልቷል፣ የጎደለው ፍላጎት ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን፣ የካርቱምን መንግሥትና የደቡቡን አማጺ ንቅናቄ፣ አራት ነገር ጠየቀ። የኑባ ተራሮች ላይ ተኩስ ይቁምና እርዳታ ይግባ። ክትባት የሚሰጥበት ጸጥታ ያለው ቦታና ጊዜ ይከበር። ሰላማዊ ሰው በአውሮፕላን መደብደቡ ይቅር። ሰው እየጠለፉ ባሪያ ማድረጉ በውጭ ሰዎች ይጣራ። ፈተናውን ካላለፋችሁ አሜሪካ እዚህ ጊዜዋን ባታጠፋ ይሻላል ብዬ ለፕሬዚዳንቱ እነግራለሁ አላቸው።

የጠበቃ ሥራ ነው፤ ማስረጃ ሳያይ አያምንም። ከ1983 ጀምሮ ሲዋጉ ለነበሩ፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው አልቆበታል ተብሎ በሚገመት ጦርነት ውስጥ ላሉ ሰዎች «ትተማመናላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ኑባ ላይ ተኩሱ ቆመ ወይስ አልቆመም? ይህ በዓይን ይታያል።

ቆመ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2002 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቡርገንሽቶክ በሚባል ቦታ ተፈረመ። መጀመሪያ ለስድስት ወር ነበር፣ ከዚያ እየታደሰ ሄደ። ተቆጣጣሪዎቹ መሣሪያ አልያዙም፤ አለቃቸው ኖርዌጂያዊ ጄኔራል ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሄደም። በፌብሩዋሪ 2002 ቢዬህ በምትባል መንደር የመንግሥት ሄሊኮፕተር የእርዳታ እህል ሊቀበል በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። ሰው አለቀ። አሜሪካ ወዲያው ንግግሩን አቋረጠች። በማርች ካርቱም ሰላማዊ ሰዎችን ላለማጥቃትና ይህንንም የውጭ ታዛቢ እንዲከታተለው ፈረመች። ፈተና ማለት እንዲህ ነው፤ ስትወድቅ ዋጋ ያስከፍልሃል።

ቀበና፦ ታዲያ በመጨረሻ ሱዳንን የከፈለው እሱ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ወይ ጉድ። ገና ከመጀመሪያው ምን አልኩ?

እሺ፣ አንዴ በደንብ ልመልሰውና ይለቅልኝ። ዳንፎርዝ በአፕሪል 2002 ለቡሽ ያቀረበው ሪፖርት የደቡብን መገንጠል የሚደግፍ አልነበረም። እንዲያውም መገንጠል በድርድር የሚገኝ ነገር አይመስለኝም የሚል መንፈስ ነው ያለው። የደቡቡ ሕዝብ በአንድ ሱዳን ውስጥ የሃይማኖት ነጻነቱና የነዳጁ ድርሻ ቢጠበቅለት ይሻላል ባይ ነው። በዚህ የተነሳ የደቡብ ሰዎች ተቀይመውታል። ከፋፋይ የምትሉትን ሰው ደቡቦቹ የአንድነት ጠበቃ ብለው ነው የከሰሱት!

ራስን በራስ የመወሰን ጉዳይ ደግሞ ከዋሽንግተን አልመጣም። ኢጋድ በ1994 ባወጣው የመርሆዎች መግለጫ ውስጥ አለ። ያን ያረቀቁት እኛ፣ ኤርትራ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ነን። ካርቱም በ1997 ተቀብላዋለች። ጁላይ 20 ቀን 2002 ኬንያ ማቻኮስ ላይ ከስድስት ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ ሕዝበ ውሳኔ ይሁን የሚለው ሲፈረም አደራዳሪው ኬንያዊው ጄኔራል ላዛሮ ሱምቤይዎ ነበር። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ኖርዌይ ከጀርባ ገፍተዋል፤ ይህ አይካድም። የፈረንጅ ስም ባየን ቁጥር የራሳችንን ሰፈር ሥራ ለፈረንጅ መስጠት ግን ይብቃን።

የናይሮቢው፦ ጋሼ ልክ ነህ። ጄኔራሉን እዚህ ሁሉም ያከብረዋል። የጸጥታው ምክር ቤትም ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ የተሰበሰበው ለዚህ ጉዳይ ናይሮቢ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ አይደለም! መጀመሪያ አዲስ አበባ ነው፣ በ1972።

የናይሮቢው፦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ስብሰባ እንዳይሆን የምትለው።

የሕግ ተማሪ፦ የጸጥታው ምክር ቤት ነው የምልህ። ጃንሆይ በነበሩበት።

ሚኒሶታ፦ 1972 በእኛ ነው በፈረንጅ?

መልስ፦ በፈረንጅ! ከላይ ብያለሁ እኮ። ተማሪው ልክ ነው። ከ1952 ወዲህ ምክር ቤቱ ከኒውዮርክ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በ1972 መጀመሪያ አዲስ አበባ ነው። ቀጥሎ ፓናማ፣ ከዚያ ጄኔቭ፣ ናይሮቢ አራተኛ። የሚገርመው በዚያው በ1972 የመጀመሪያው የሱዳን ጦርነት የቆመበት ስምምነትም የተፈረመው አዲስ አበባ ነው፤ የሱዳኑ መሪ ኒሜሪ በ1983 አፈረሰው እንጂ።

የናይሮቢውን ስብሰባ ያመጣው ዳንፎርዝ ነው። አሁን ግን ልብ በሉ፦ ይህ ሁለተኛው ሹመት ነው። መልዕክተኛ ሆኖ አይደለም፤ ከጁላይ 2004 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር ነበር። በኖቬምበር 2004 የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትነት ተራ ለአሜሪካ ደረሰ። እሱም አምባሳደሮቹን በሙሉ ናይሮቢ ወሰዳቸው። እዚያ መንግሥትና የደቡቡ ንቅናቄ እስከ ዲሴምበር 31 እንጨርሳለን ብለው ፈረሙ፣ ምክር ቤቱም ውሳኔ 1574ን አጸደቀ። የመጨረሻው ስምምነት ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 እዚያው ናይሮቢ ተፈረመ። ጥቂት ቀን አልፏል፤ ለሱዳን ድርድር ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ሰንበቴ፦ ዳርፉርስ? ሰው እያለቀ እነሱ ሲፈራረሙ ነበር አይደል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ደስ አይልም። ዳርፉር ከ2003 ጀምሮ እየነደደ ነበር። ዳንፎርዝ አምባሳደር ሆኖ ውሳኔ 1556ን በጁላይ 2004 አስጸደቀ፤ ቻይናና ፓኪስታን ድምጽ ተዓቅበዋል። በሴፕቴምበር ውሳኔ 1564 መጣ፣ አጣሪ ኮሚሽን የሚያቋቁም። በካርቱም መንግሥት ላይ ማዕቀብ መጣል ግን ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረ። ጠቅላላ ጉባኤው በኖቬምበር የሱዳንን ጉዳይ አላይም ሲል በግልጽ ተናደደ፤ ታዲያ ይህ ጉባኤ ምን ይጠቅማል አለ። የእኔ ሐሳብ? የሰሜንና የደቡቡ ፊርማ እንዳይበላሽ ሲባል ዳርፉር ላይ ካርቱም ታልፎላታል። እሱ ብቻውን አይደለም፤ ሁሉም ነው ያደረገው።

ዱባይ ነኝ፦ ለምን ቶሎ ለቀቀ? ተባርሮ ነው?

መልስ፦ በኖቬምበር 2004 የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሚስቱ ጋር መሆን እፈልጋለሁ አለ። በጃንዋሪ 2005 ወጣ። ሐሜት ከፈለግህ ሌላ ሰው ጠይቅ።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ዳኛው ክላረንስ ቶማስን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስገባው እሱ አይደለም? ስለዚያ ምንም አላልክም።

መልስ፦ ሆን ብዬ ነው። አዎ፣ ቶማስን በ1974 ከዬል እንደወጣ ሚዙሪ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የቀጠረው እሱ ነው። በ1991 አብራው ትሠራ የነበረችው አኒታ ሂል በጾታዊ ትንኮሳ ስትከሰውም እስከ መጨረሻው ተሟገተለት፤ ሹመቱ በሴኔቱ 52 ለ48 አለፈ። በዚያው ዓመት ደግሞ በሥራ ቦታ አድልዎ የደረሰበት ሰው ካሳ እንዲያገኝ የሚያደርገውን የ1991 የሲቪል መብቶች ሕግ ገፍቶ ያሳለፈ እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙና የራሳችሁን ፍርድ ስጡ።

ሚኒሶታ፦ የዌኮውን ምርመራም መርቷል አሉ።

መልስ፦ አዎ፣ በ1999 ተሾመ። ዌኮ፣ ቴክሳስ ውስጥ በ1993 የመንግሥት ኃይሎች የከበቡት የአንድ የሃይማኖት ቡድን ግቢ ተቃጥሎ ብዙ ሰው ያለቀበት ነው። እሳቱን ያስነሱት የመንግሥት ሰዎች አይደሉም፣ በቃጠሎው ዕለትም አልተኮሱም አለ። ቀጥሎ።

ቀበና፦ እኛ ሀገር ድርቅ ሲሆንስ? በ77ቱ ማለቴ ነው። የት ነበር?

መልስ፦ ከጠየቅከው ሁሉ ይሄ ይሻላል። በ1984 መጀመሪያ፣ በእኛ 1976 ማለት ነው፣ ሞዛምቢክን ጨምሮ በድርቅ የተጎዱ የአፍሪካ አገሮችን ዞረ። የተራቡ ልጆችን ራሱ ፎቶ አነሳ። ተመልሶ ዋይት ሀውስ ገባና ፎቶዎቹን ለሬገን አሳየ። ልብ በል፣ የኮረሙ ፊልም በቢቢሲ የታየው በኦክቶበር ነው። ሞዛምቢክ ያኔ የሶሻሊስት መንግሥት ነበራት፤ «ለኮሚኒስት እህል አንሰጥም» የሚሉ ሞልተው ነበር። ፎቶ ከመቶ ገጽ ሪፖርት ይልቅ ሬገንን እንደሚነካው ገብቶታል።

ሰንበቴ፦ እርስዎ ሰውዬውን በጣም ይወዱታል።

መልስ፦ እወደዋለሁ አላልኩም። የሚዙሪውን ሪፐብሊካን ጆሽ ሃውሊን ለሴኔት ያበቃው፣ ከኋላ ሆኖ የገፋው እሱ ነው። ሃውሊ የምርጫውን ውጤት ተቃውሞ በጃንዋሪ 2021 ካፒቶል ከተወረረ በኋላ ግን ዳንፎርዝ እሱን መደገፌ በሕይወቴ የከፋው ስህተቴ ነው ብሎ ተናገረ። ሰው ማወቅ ላይ ሁሌ አልተሳካለትም።

የናይሮቢው፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ኑባ ላይ ያቆመው ተኩስ እስከ መቼ ቆየ?

መልስ፦ እስከ 2005ቱ ስምምነት እየታደሰ ቆየ፤ ከዚያ የሰላሙ አካል ሆነ። ግን ስምምነቱ ለኑባ ሕዝበ ውሳኔ አልሰጠም። «ሕዝባዊ ምክክር» የሚባል ነገር ነው የደረሳቸው፤ እሱም በወጉ አልተካሄደም። በጃንዋሪ 2011 ደቡቦቹ ወደ 99 በመቶ በሚሆን ድምጽ መገንጠልን መረጡ። የደቡብ ሱዳን ባንዲራ ጁላይ 9 ከመውጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ የኑባ ተራሮች ባሉበት ደቡብ ኮርዶፋን ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። ኑባዎቹም ወደ ዋሻቸው ተመለሱ።