የውጭ ተማሪዎቹን ቶሎ የቤት ሰው አድርጓቸው

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን የጠየቀችው እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባ ዳር ያለው የሚሲዮናውያን ማሰልጠኛቸው ከመስከረም ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ አገር ተማሪዎችን ሊቀበል ነው። ከኮሪያ፣ ከብራዚል፣ ከህንድ፣ ከማላዊ ይመጣሉ። እሷ የአቀባበል ኮሚቴ ውስጥ ገብታለች፤ ምን እናዘጋጅ ትላለች። እኔ እንዲህ ባለ ግቢ መጀመሪያ ውጭ አገር ተማሪ ነበርኩ፤ በኋላ እዚህ አገር ከሚቀበሉት አንዱ ሆንኩ። ስለዚህ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

እህቴ፣ ስለ ባነሩና ስለ ድፎ ዳቦው ብዙ አትጨነቂ። በመስተንግዶ እኛ አንታማም። የመጀመሪያው ሳምንት ሁልጊዜም ያምራል። ፈተናው የሚመጣው ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ያኔ ኮሚቴው ተበትኗል፣ ሁሉም ወደየሥራው ተመልሷል። ልጁ ሳሙና ሲያልቅበት እንኳን ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። በእንግድነት ተቀበልነው፣ በእንግድነቱ ቀረ።

እኔ ውጭ በተማርኩበት ግቢ፣ በደረስኩ ማግስት የሥራ ምድብ ወረቀት ላይ ስሜን አየሁት። ከምሳ በኋላ ሰሃን አጠባ። ቅር አለኝ፤ የመጣሁበት ቤት እንግዳ ሰሃን አያነሳም። ግን እውነተኛ ጓደኛ ያገኘሁት እዚያው ማጠቢያው ጋ ነው። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛዬ ይያዝብኝ ነበር። ሰሃን እያጠቡ ሲያወሩ ግን የተሰበረ እንግሊዝኛ ማንም አይታዘብም።

እዚህ ደግሞ ተቃራኒውን አየሁ። አንዲት ኮሪያዊት ተማሪ ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ማዕድ ቤት ገባች። እናቶቹ "ኧረ ቁጭ በይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" ብለው መለሷት። በፍቅር ነው ያደረጉት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ዶርሟ ገባች። በኋላ እናቶቹን አነጋገርናቸው፤ ሽርጥ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ እሷን የፈለገ ሰው ቀጥታ የሚሄደው ማዕድ ቤት ሆነ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁልፍ፣ የሥራ ተራ እና አንድ የሚጠይቀው ሰው ስጡ። "ማንኛችንንም ጠይቁ" አትበሉ፤ እንደዚያ ከተባለ ማንንም አይጠይቁም። ለሴቷ ሴት፣ ለወንዱ ወንድ መድቡ። ሰውየው መንፈሳዊ መሪ መሆን የለበትም። ስልክ የሚያነሳ፣ ገበያ አብሮ የሚወጣ፣ ታክሲ የት እንደሚያዝ የሚያሳይ ከሆነ ይበቃል። ቢያንስ ለሦስት ወር ይቆይበት።

አሁን የማይወራውን ላውራ። ፈረንጅ ሲመጣ ግቢው በሙሉ ይነሳል። ሻንጣ የሚሸከመው ይበዛል፣ ምሳ የሚጋብዘው ይበዛል፣ ፎቶ አብሮት የሚነሳው ይበዛል። የማላዊው ወይም የኮንጎው ወንድም ግን ጥግ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። አንዳንዴም እኛው ራሳችን "አፍሪካውያኑ" ስንላቸው እሰማለሁ፣ እኛ ከሌላ አህጉር የመጣን ይመስል። እነሱ ይህን በደንብ ያያሉ። አፍ አውጥተው አይናገሩም እንጂ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የሚሄዱት ትዝታ ይኸው ነው። እህቴ፣ ኮሚቴሽን ሰብስቢና ከወዲሁ በግልጽ ተነጋገሩበት። ኤርፖርት የሚሄደው ሰው ቁጥር እንኳን ለሁሉም እኩል ይሁን።

ይህን ሳስብ ኦነሲሞስ ነሲብ ትዝ ይለኛል። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም አጠገብ ወዳለው የዮሃነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ አምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶ ከተርጓሚዋ አስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ በ1899 እ.ኤ.አ. እንዲታተም አደረገ። ያኔ በውጭ ተማሪነት በሰው አገር የቆመው የእኛ ሰው ነበር። ጥግ ላይ ከሚቀመጠው ልጅ ወደፊት ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል?

ወደ ጥቃቅኑ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሰዓት! "ትምህርት 2፡30 ይጀምራል" ብላችሁ ከለጠፋችሁ ተማሪው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፤ ቀኑንም እንዲሁ። "መስከረም 15" የሚል ወረቀት ለብራዚላዊ ምንም አይነግረውም።

ብርዱንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አፍሪካ ሲባል በረሃ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ሹራብ ሳይዙ ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ብርድ ልብስ አዘጋጁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ይኖራል። እንኳን ደህና መጣችሁ ብላችሁ በማግስቱ እንጦጦ አታውጧቸው፣ ኳስም አታጫውቷቸው። ዳገቱ አይሸሽም።

ቦሌ ላይ ተቀባይ የሚቆመው ውጭ ነው፤ የተማሪው ስልክ ደግሞ ገና አይሠራም። የሚቀበለውን ሰው ፎቶና የሚቆምበትን ቦታ ከመነሳቱ በፊት ላኩለት። ድሮንና ባይኖኩላር እንዳይዙም ንገሯቸው፤ ያለ ፈቃድ ከያዙ ይወሰድባቸዋል። ሲም ካርድ የሚወጣው በፓስፖርት ነው፤ በማግስቱ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይኑር። ቴሌብርን ያሳያቸው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። በርበሬውን ለየብቻ አቅርቡ፣ የፈላ ውሃ አይጥፋ፣ ሩዝና እንቁላል ሁልጊዜ ይኑር። ጉርሻውን ግን በልክ! መጀመሪያ አስረዱ፣ ከዚያ አጉርሱ። ረቡዕና ዓርብ ካፌ ወጥተው ሥጋ ሲያጡ ግራ እንዳይገባቸው፣ ስለ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጾም ቀድማችሁ ንገሯቸው። እግረ መንገዳችሁን ስለ አክብሮትም አንሱ። አንዳንዱ ገና ከአውሮፕላን እንደወረደ ሰፈር ወጥቶ ልመስክር የሚል ትኩስ ልጅ ነው። የአገሩን ጠባይ ሳያውቅ አትልቀቁት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይና ወታደራዊ ቦታ አካባቢ ፎቶ እንዳያነሳም አስጠንቅቁት።

ጸሎታችን ራሱ ማስተዋወቂያ ይፈልጋል። እኛ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ ድምፅ ስንጸልይ ለእኛ ቤታችን ነው። ዝም ብሎ መጸለይን ከለመደ ጉባኤ የመጣ ሰው ግን ጸብ የተነሳ ሊመስለው ይችላል። አንድ ሕንዳዊ ወንድም የመጀመሪያው አዳር ጸሎት ላይ ተነስቶ ሊወጣ ሲል አብሮት የነበረው ልጅ ነው በጆሮው አስረድቶ ያቆየው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጸሎቱን እነሱ በለመዱት መንገድ ይምሩት። እኛም እንማር።

አንድ ነገር ግን አደራ የምለው ፎቶ ነው። ክርስቲያን መሆን አደጋ ከሆነባቸው አገሮች የሚመጡ ተማሪዎች ይኖራሉ። እናንተ ደስ ብሏችሁ ፌስቡክ ላይ ስማቸውን፣ አገራቸውንና ፊታቸውን ስትለጥፉ እዚያ ያለ ቤተሰባቸው ላይ ጣጣ ልታመጡ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ለየብቻ ጠይቁ። እሺ ያላለ ሰው ፎቶው በቤተ ክርስቲያን ቴሌግራም ላይም አይውጣ። ባነሩ ላይ የአገር ስም ለመጻፍም ይህንኑ አስቡ።

ቪዛውን በሚመለከት፣ በቱሪስት ቪዛ ይግቡና እዚህ እናስተካክላለን የሚለውን ምክር አትስሙ። ለሥልጠና የሚያስፈልገውን ወረቀት ትኬት ከመቆረጡ በፊት ኢሚግሬሽን ሄዳችሁ ጠይቁ። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱ በተማሪው ላይ ነው የሚቆጠረው። ለተግባር ልምምድ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የምትልኳቸው ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የማያሰጋቸው ወባ እዚያ አለ። መከላከያ መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት የሚጀመር ስለሆነ ሐኪም ጋ ቀደም ብላችሁ ውሰዷቸው፤ አጎበሩን ከእናንተ ግቢ ይዛችሁላቸው ውጡ።