ወንድሜ ይሰማናል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ከተጎዳ ሁለት ወር አለፈው። ዓይኑን ይገልጣል፤ ግን ስንጠራው ዞር አይልም፣ «እጄን ጨብጥ» ብንለው አይጨብጥም። ሐኪሞቹ «ምንም አያውቅም» ይላሉ። እናታችን ደግሞ «ይሰማኛል» ብላ ቀኑን ሙሉ ታወራዋለች። ማንን እንመን?

መልስ፦ ወንድምዎን ሳላይ መፍረድ ይከብደኛል። እናትዎን ግን ዝም ይበሉ አልላቸውም።

ሰው እጁን እንዲጨብጥ መስማት፣ መረዳት፣ ከዚያም ጡንቻውን ማዘዝ አለበት። የመጨረሻው ብቻ ቢበላሽም ከውጭ የሚታየን ያው ዝምታ ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. የአንጎል ተመራማሪው አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቻቸው ምንም አታውቅም የተባለች የ23 ዓመት ወጣት ኤምአርአይ ውስጥ፣ ማለትም የትኛው የአንጎል ክፍል እየሠራ እንደሆነ በምስል የሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ፣ አስገቡ። «ቴኒስ ስትጫወቺ ይታይሽ» ሲሏት እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል ሠራ። «ቤትሽ ውስጥ ስትዘዋወሪ ይታይሽ» ሲሏት ደግሞ ቦታን የሚለየው። ልክ እንደ ጤነኛ ሰው! በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናትም ትእዛዝ ሲሰጣቸው ምንም ምላሽ የማያሳዩ 241 ሰዎችን በኤምአርአይ ወይም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለካው ኢኢጂ ፈትሾ፣ 60ዎቹ በአንጎላቸው ትእዛዙን ሲከተሉ አገኘ። ከአራት አንዱ ማለት ነው።

ምርመራው ግን በየሆስፒታሉ አይገኝም። ደግሞ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰውም አንዳንዴ ይወድቀዋል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ አልጋው አጠገብ የሚሠራውን ምርመራ አስደግም ነበር። አንድ ቀን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። የንቃት መጠኑ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ማስታገሻ መድኃኒት፣ ኢንፌክሽን፣ የማይታይ የሚጥል በሽታ፣ ሌላው ቀርቶ የጆሮ ጉዳት እንኳ የነቃን ሰው ያልነቃ ያስመስላል። ሐኪሞቹን እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቋቸው።

እናንተም አንድ ነገር ሞክሩ። ትንሽ መስታወት ፊቱ ላይ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን ውሰዱት። ሰው ከሌላ ነገር ይልቅ የራሱን ፊት በዓይኑ ይከተላል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመለሰውም ይኸው ነው። ደጋግሞ ከተከተለ በስልክ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ። ፈገግታ፣ እንባ፣ መዳፉ የነካውን መያዙ ግን ሳያውቅም ሊመጣ ስለሚችል ብዙ አትመኩበት።

እናትዎ ሲያናግሩት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁትና አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይጠብቁት። «ይተርፋል? አይተርፍም?» የሚለውን ወሬ ደግሞ ኮሪደር ላይ አውሩት።