ስንዝር ተኩል

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ በሕፃናት ክፍል ሥራ የጀመራችሁ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ አጠገብ ባለ ቡና ቤት ነው። ሕፃን ታቅፈው ታክሲ የሚጠብቁ እናቶች በፊቴ ያልፋሉ። የሰው ዓይን እንዳይበላው ብለው ፊቱን በነጠላ ይሸፍኑታል። በሥራ ዘመኔ በዚህ እቆጣ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ፤ ቤት ሲገቡ ይገልጡታል።

አዲስ የተወለደ ልጅ ከሞላ ጎደል አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ በእኛ ልክ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ጡት እየጠባ ቀና ሲል የእናቱ ፊት የሚገኘው እዚያው ላይ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ጉም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተኝቶ ፈገግ ሲል «ማርያም እያጫወተችው ነው» ይባላል። የሰው ፊት አይቶ የሚስቀው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። በ3 ወሩ ደግሞ የለመደውን ፊት ለይቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ የ3 ወር ሕፃናት የጥቁር ሰው ፊት ላይ አብዝተው አፍጥጠዋል። እስራኤል ውስጥ ጥቁሩንም ነጩንም እያዩ የሚያድጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን አላዳሉም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተሳስቻለሁ። አንዲት ወጣት እናት የ3 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ክብደቱ ደህና፣ ክትባቱ የተሟላ ነበር። ብስቅለት፣ ባጫውተው ፊቱን ያዞራል። ዓይኑን ጠረጠርኩና በባትሪ መረመርኩት፤ ብርሃኑን አሳምሮ ይከተላል። ካርዱን ዘግቼ ልሸኛቸው ስነሣ አያትየዋ ከበሩ ተመልሰው፣ «ዶክተር፣ እሷም ከወለደች ወዲህ ስቃ አታውቅም» አሉኝ። ዝምታዋን ዓይን አፋርነት ብዬው ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ እናቶች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ሳይስቁና ሳይናገሩ፣ ፊታቸውን ድርቅ አድርገው ልጁን እንዲያዩት አደረገ። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቃል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሊመልሳት ይታገላል። ሳይሆንለት ሲቀር ዞር ይላል፤ ፊቱም ይጠወልጋል። የእኔ ታካሚ ያንን ትግል ቤቱ ጨርሶ ነበር የመጣው ብዬ አስባለሁ። እናትየዋን ግን አትውቀሱ፤ የታመመ ሰው ፊቱን በትእዛዝ አያበራም። መታከም ያለባት እሷ ነበረች።

ስለዚህ ልጁን ሚዛን ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» በሏት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላችኋለች፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ካርዱን ከሞላችሁ በኋላ ደግማችሁ ጠይቋት። አያት አብረው ከመጡም ወንበር ስጧቸው።