ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ፕሮሰሰሩ ምን ይሆናል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተኝቶ አልነሣ ስላለ ወይም ተኝቶም ባትሪ ስለሚጨርስ ላፕቶፕ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ በራሱ ያርፋል ይባላል። ታዲያ «ስሊፕ» ከዚህ በምን ይለያል?

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ እርስዎ እየጻፉ ሳለም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያርፋል። የዕረፍቱ ደረጃዎች ሲ-ስቴት ይባላሉ። ሲ0 ሥራ ላይ ያለበት፣ ሲ1 ለአጭር ጊዜ የሚቆምበት ሲሆን፣ እንደ ሲ6 ባሉት ጥልቅ ደረጃዎች የኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የሥራ ክፍሎች የአንዱ) ኃይል እስከ መቋረጥ ይደርሳል፤ ደረጃው በጠለቀ ቁጥር ቁጠባው ይጨምራል፣ ለመንቃት የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል። ስሊፕ ግን ፕሮግራሞችን አግዶና መሣሪያዎችን በተራ አስተኝቶ መላውን ማሽን የሚያሳርፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሽኑን ሲያስተኛ ፕሮሰሰሩ በጥልቀት እንዳያርፍ ይከለክላል ሲባል ሰማሁ። ሊተኛ ላለ ማሽን ዕረፍት መከልከል አይጋጭም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የነገሩን እምብርት የነካ ነው። በአንዳንድ ባዮሶች (ማሽኑን የሚያስነሡት የማዘርቦርድ ፕሮግራሞች) ላይ፣ በማስተኛቱ ሂደት መካከል ኮሮቹ ወደ ዕረፍት ደረጃ እንዲገቡ ከተፈቀደላቸው ማሽኑ ሲቀሰቀስ ደርቆ ይቀር ነበር። መፍትሔው ቀድሞ ዕረፍቱን ከሚመሩት ፕሮግራሞች (ድራይቨሮች) በአንዱ ውስጥ ቢኖርም በኢንቴል ድራይቨር ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁሉም ድራይቨሮች የጋራ ወደሆነው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ክፍል ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ በማስተኛቱ ሂደት ያረፉትን ኮሮች ሁሉ ይቀሰቅስና ጥልቁን ዕረፍት ያግዳል፤ ሲነሣም ይመልሰዋል። ጥንቃቄው ተገቢ ይመስለኛል፤ ጥልቅ ዕረፍት አንዳንዴ የሚመካው በዚያው ሰዓት እየተዘጉ ባሉት ሰዓት ቆጣሪዎችና ኃይል ተቆጣጣሪዎች ላይ ነውና።

ይህ የሚሠራው ግን ማሽኑ በመጨረሻ ለባዮሱ ተላልፎ ለሚተኛበት፣ ኤስ3 ለሚባለው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሊኑክስ ሌላ ዓይነት እንቅልፍ ጨመረ፤ በዚህኛው ለባዮሱ መተላለፍ የለም፣ ኮሮቹ ወደ ጥልቁ ሲ-ስቴት ገብተው የሚቀሰቅሳቸው እስኪመጣ እዚያው ይቆያሉ። እዚህ ዕረፍቱ ራሱ እንቅልፉ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ገንቢዎቹ እገዳውን ከዚህ መንገድ አወጡት።

ጥያቄ፦ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት አካባቢ ዴስክቶፕ ማስተኛት ይሻላል ወይስ «ሃይበርኔት» ማድረግ?

መልስ፦ ሃይበርኔት። በስሊፕ ጊዜ ሥራዎ ያለው ራም ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሃይበርኔት ግን ዲስክ ላይ ይጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ሳስቀምጠው ይሞቃል። አንድ ባለሙያ ከባዮሱ ሲ-ስቴትን እንዳጠፋ መክሮኛል። ልስማው?

መልስ፦ እባክዎ አይቸኩሉ። ምክሩ መነሻ አለው፤ ቤይ ትሬይል የተባሉት የኢንቴል ቺፖች ሊኑክስ ላይ በድንገት ሲደርቁ ብዙ ተጠቃሚዎች ዕረፍቱን በሲ1 ገድበው ተገላግለዋል፣ ባትሪያቸው ቶሎ እያለቀም ቢሆን። የእርስዎ ችግር ግን መድረቅ ሳይሆን መሞቅ ነው። በመጀመሪያ እንቅልፉን ይለዩ፦ ሊኑክስ ላይ ከሆኑ፣ ሲስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ ፓወር ሥር ያለውን የሜም-ስሊፕ ፋይል (/sys/power/mem_sleep) ቢከፍቱ፣ በማዕዘን ቅንፍ [ ] የተከበበው ቃል «ዲፕ» (deep) ከሆነ ኤስ3 ነው፤ «ኤስ-ቱ-አይድል» (s2idle) ከሆነ ከላይ ያየነው፣ ለባዮሱ የማይተላለፈው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ከሆነ ሲ-ስቴትን ማጥፋት እንቅልፉን ራሱን መከልከል ስለሆነ ላፕቶፑ ይብሱን ይሞቃል። ይልቅስ አንድ መሣሪያ ማሽኑ ወደ ጥልቁ ደረጃ እንዳይወርድ ይዞት፣ ወይም ደጋግሞ እየቀሰቀሰው ሊሆን ይችላል። ባዮሱንና ከርነሉን ያሻሽሉ፤ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች ነቅለው አንድ ሌሊት ያስተኙት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የባትሪውን መጠን ማታና ጠዋት ይመዝግቡ።