ከጆውስ ይልቅ ፎንቱን ፍሪ

እህቴ፣ አንደኛ ዓመት ገብተሽ ላፕቶፕ ልትገዢ እንደሆነና ጆውስ የሚባለውን፣ በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ማስጫን ያዋጣሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም ማየት የተሳነኝ ተማሪ ነበርሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ጆውስን ተዪው። ፈቃዱ ካልተገዛ በየ40 ደቂቃው ዝም ይልና ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ እስክታስነሺው ድረስ አያነብልሽም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ሌላው አንባቢ ፕሮግራም ግን ነጻ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ቢልም ጆሮ ይለምደዋል።

2. ከኤንቪዲኤ «ቱልስ» ዝርዝር ውስጥ ተንቀሳቃሽ ቅጂ ፍላሽ ላይ አውጪ። የኮምፒውተር ክፍላችን ኃላፊ «እዚህ የሚለፈልፍ ነገር አይጫንም፤ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ» ብሎ በተማሪ ፊት መልሶኛል። ቅጂው ሳይጫን ከፍላሹ ስለሚነሣ፣ በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ እዚያው አጠገቡ ስሠራ ዋልሁ፤ አላወቀም።

3. አማርኛውን ራስሽ ጻፊ። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን በስሌትና ስታይለስ (ብሬል በእጅ በሚወጋበት ሰሌዳና መውጊያ) በብሬል ጽፌ፣ ጓደኛዬ እየሰማኝ በእጅ ገልብጦልኝ፣ 62 ገጹን ለታይፒስት ሰጠሁ። አማካሪዬ ፋይሉን «ምዕራፍ ሦስትን አስተካክል» ብለው ሲመልሱልኝ ከፈትሁት፤ ኢስፒክ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ስም ይደረድርብኝ ጀመር። ኤንቪዲኤውን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንሁ፤ ለጥገናም ገንዘብ ከፈልሁ። ጓደኞቼ ግን «አማርኛው ጥርት ብሎ ይታያል» ይሉኛል! ለካስ ታይፒስቱ የተጠቀመበት ፎንት ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት የተሠራ ኖሮ፣ የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የሚስል ነው፤ ዓይን «ሰ»ን ሲያይ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሌላ ፊደል ነው። የገዛ ጽሑፌን ማንበብ ያልቻልሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሁሉንም በድምፅ አጻጻፍ (የእንግሊዝኛ ቁልፎችን እንደ አማርኛው አነባበብ እየመታሁ)፣ በዩኒኮድ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ስጽፈው የማስረከቢያው ቀን አለፈና ነጥብ ተቀነሰብኝ። ቅር ያሰኘኛል፤ ቢሆንም ዛሬ በመሥሪያ ቤቴ ዓይኑ የሚያይ ሰው ሳይቀር የአማርኛ ደብዳቤውን እንድጽፍለት ወደ እኔ ያመጣል።

4. ስለዚህ ማንም የአማርኛ ፋይል ሲሰጥሽ፣ መምህርም ቢሆን፣ ከፊቱ ሳትለዪ ክፈቺና በቀስት ቁልፍ የመጀመሪያውን ቃል ፊደል በፊደል አስነብቢው። የእንግሊዝኛ ፊደል ከጠራ እዚያው መልሺና በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት እንደገና እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፤ ፎንቱን ብቻ መቀየር አያድነውም።